በዘመነ ጽጌ የሚፈልሱ ቢራቢሮዎችን በጎጃም መመልከትና ፎቶ ማንሳት፦ ዝርዝር መመሪያ

መስከረም ሲጋመስ ካሜራ ወይም ስልክ ይዘው ወደ ኑግ ማሳ የሚወጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ምስል ይዘው ይመለሳሉ፤ ቢጫ ሜዳ፣ በመካከሉ የደበዘዘ ቡናማ ነጥብ፣ ቀጥሎም ባዶ አበባ። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ቢራቢሮዋን ተከትለው ስለሚሮጡ፣ በተሳሳተ ሰዓት ስለሚወጡና ፎቶውን ከምልከታው ስለሚያስቀድሙ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በቅደም ተከተል የተጻፉ ስለሆኑ፣ ቢያንስ በመጀመሪያው ጊዜ ሳይዘሉ ይከተሏቸው።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ይወስኑ

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚቆየው ዘመነ ጽጌ በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ውስጥ ይወድቃል። በዚህ ወቅት ዝናቡ ይቀንሳል፣ አደይ አበባ፣ ሜጭና ኑግ ያብባሉ፣ የክረምቱ የደቡብ ምዕራብ ነፋስም ለበጋው ምሥራቃዊ ነፋስ ቦታውን ይለቃል። ሳይንሳዊ ስሟ ቫኔሳ ካርዱይ የሆነችው ቢራቢሮ ከአውሮፓ ተነሥታ ሜዲትራኒያንንና ሰሃራን አቋርጣ ከሰሃራ በስተደቡብ ወዳለው ምድር የምትደርሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። የደርሶ መልስ ጉዞው ከ12,000 እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር የሚገመት ሲሆን፣ የሚጠናቀቀው በአንዲት ቢራቢሮ ዕድሜ ሳይሆን እየተተካኩ በሚመጡ በርካታ ትውልዶች ነው። ይህ ለእርስዎ ሥራ ትርጉም አለው፤ በአንድ ማሳ ውስጥ ክንፏ የተቦጫጨቀ መንገደኛና ገና አሁን የተፈለፈለች አዲስ ቢራቢሮ ጎን ለጎን ሊያገኙ ስለሚችሉ ሁለቱንም ለይተው መመዝገብ ይኖርብዎታል።

ከቀናቱ ውስጥ የሚመረጠው ለሁለትና ለሦስት ቀን ደመናና ዝናብ ከቆየ በኋላ ሰማዩ የጠራበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው፤ ተጠልለው የቆዩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ።

ሰዓቱን በተመለከተ ሥራውን ለሦስት ይክፈሉት።

ሀ) ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ30፦ ቢራቢሮዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። የበረራ ጡንቻቸው ካልሞቀ መነሣት ስለማይችሉ፣ ፎቶ ለማንሳት ከቀኑ ሁሉ የሚቀለው ይህ ሰዓት ነው።

ለ) ከ3 ሰዓት ከ30 እስከ 5 ሰዓት፦ ይበራሉ፣ አበባም ይቀስማሉ። ቆጠራው የሚካሄደው በዚህ ጊዜ ነው።

ሐ) ከ9 ሰዓት ከ30 በኋላ፦ የቫኔሳ ወንዶች በኮረብታ ጫፍና በባዶ መሬት ላይ ቦታ ይዘው ሌሎችን ያባርራሉ፤ ቢያስበረግጓቸውም ወደዚያው ስለሚመለሱ ለጀማሪ መልካም ዕድል ነው።

ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያለውን ጊዜ ለምሳና ለዕረፍት ይተዉት። ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ክንፍ ያንጸባርቃል፣ ሥሩ ይጠቁራል፣ ቢራቢሮዋም ከሙቀቱ የተነሣ አንድ አበባ ላይ ሁለት ሰከንድ አትቆይም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወቅቶች ያባከንኩት ቅዳሜ ቅዳሜ እንቅልፌን ጠግቤ በቀትር እየወጣሁ ነው።

2. ቦታውን ይምረጡ

የሚፈልጉት ግልጽ መሬት፣ ብዙ አበባና ሩቅ የሚያሳይ አድማስ ነው። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ እስከ ዳንግላና በባሕር ዳር ዙሪያ ያሉ የኑግ ማሳዎች ይህን ያሟላሉ። ሆኖም ከማሳው መሀል ይልቅ ዳር ዳሩን ይፈልጉ። ሞፈር ያልነካው የድንበር መሬት ላይ ኮሸሽላ፣ ጨጎጊትና ሜጭ ስለሚበቅሉ ቢራቢሮዎች በብዛት የሚያርፉት እዚያ ነው። በተለይ ኮሸሽላ ካገኙ ሌላ አይፈልጉ፤ አበባው ክብና ጠንካራ በመሆኑ ቢራቢሮዋ ለረጅም ጊዜ ትቀመጥበታለች፣ በነፋስም እንደ ኑግ አይወዛወዝም።

ለዚህ ሥራ ወደ ዘጌ ጫካ መሄድን አልመክርም። ዘጌ የጫካ ቢራቢሮ ሞልቶበታል፤ ነገር ግን በዛፍ ሥር ቆሞ የፍልሰትን አቅጣጫ መለየት አይቻልም። የጮቄ ከፍተኛ ቦታዎችም በጠዋት ብርድና ጉም ስለሚያጠቃቸው ወደ ግርጌው ወረድ ማለት ይሻላል።

ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይፈጽሙ። አንደኛ፣ የሚሄዱበት መንገድ ሰላማዊ መሆኑን በዚያው ከሚኖር ሰው በዕለቱ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ የማሳውን ባለቤት ያስፈቅዱ፤ ያበበ ኑግ ሲረገጥ ፍሬው ይረግፋል፣ ካሜራ ይዞ ሳይናገር የሚገባ ሰውም ያሳስባል። ሦስተኛ፣ የንብ ቀፎ የት እንዳለ ይጠይቁ። በኑግ አበባ ጊዜ ቀፎ በማሳ አጠገብ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት፣ ንቦቹ በሚመላለሱበት መስመር ላይ ፈጽሞ አይቁሙ። ድልድይ፣ ካምፕና የመሳሰሉት ባሉበት ደግሞ ካሜራዎን ከቦርሳ አያውጡ፤ ቢራቢሮ እያነሱ እንደነበር ማስረዳት ከሚገምቱት በላይ ጊዜ ይወስዳል።

3. ዕቃዎን በዋዜማው ያዘጋጁ

- ካሜራ ካለዎት ከ70 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ሌንስ ወይም 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ (ትንንሽ ነገር ከቅርብ የሚያነሳ) ሌንስ ይያዙ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው አጭር ሌንስ በጣም መጠጋት ስለሚጠይቅ ለጀማሪ ያስቸግራል።
- ስልክ ብቻ ካለዎት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ የሚያቀርብ የራሱ ሌንስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ይህ ከሌለውም ይሠራል፤ በደረጃ 7 ይመልከቱት።
- አቅራቢ መነጽር ሲመርጡ ቆመው የራስዎን ጫማ ይዩበት። ጫማዎ ጥርት ብሎ ካልታየ ለወፍ እንጂ ለቢራቢሮ አይሆንም።
- ባትሪና ፓወር ባንክ በዋዜማው በጊዜ ይሙሉ፤ መብራት የሚጠፋው ሊተኙ ሲሉ ነው።
- ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ጤዛ በነካው ወረቀት ላይ አይጽፍም።
- አቅጣጫ ጠቋሚ ወይም በስልክ ላይ ያለው ኮምፓስ። የስልክ መያዣው ማግኔት ካለው አውጥተው ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ ሰሜንን ምሥራቅ ብሎ ያሳይዎታል።

ልብስን በተመለከተ የደበዘዘ ቀለም ያለው፣ ሰውነት ላይ የሚያርፍ ልብስ ይልበሱ። ጋቢና ነጠላ ለጠዋቱ ብርድ ደግ ናቸው፤ ነገር ግን ጫፋቸው በነፋስ ሲውለበለብ ቢራቢሮዋን ስለሚያስበረግግ ማሳው ዳር ሲደርሱ አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ያኑሩ። ጠንከር ያለ ሽቶ ንብን ስለሚያስቆጣ አይቀቡ።

4. የሚያዩትን ለይተው ይወቁ

በኑግ ማሳ ላይ የሚበርረው ሁሉ ፈላሽ አይደለም። ለመጀመሪያው ወቅት አራቱን ብቻ አጥንተው ይውጡ።

*ቫኔሳ ካርዱይ፦* ክንፏ ሲዘረጋ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። ላዩ የደበዘዘ ብርቱካናማ ሲሆን የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣብ አለበት። ክንፏን ስትገጥም የኋላው ክንፍ ሥር ግራጫና ቡናማ የተዥጎረጎረ ሆኖ በጠርዙ በኩል እንደ ዓይን ያሉ ትንንሽ ክቦች ተሰልፈው ይታያሉ። በረራዋ ፈጣንና ቀጥተኛ ነው።

*ዳናውስ ክሪሲፐስ፦* ይህችም ብርቱካናማ ናት፣ የፊት ክንፏ ጫፍም ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጀማሪዎች ከቫኔሳ ጋር የሚያምታቷት ለዚህ ነው። መለያዋ አካሄዷ ነው። ዕጯ የጦቢያውና የመሰል ተክሎችን መርዝ እየበላ ስለሚያድግ ወፎች አይደፍሯትም፤ ስለዚህ ቀስ ብላ፣ እየተንሳፈፈች ትሄዳለች። የኋላ ክንፏ ነጭ የሆነ መልክም አላት። እርሷን በትክክል የምትመስል ሌላ ቢራቢሮ ስላለች ፎቶ ሲያነሱ የኋላ ክንፉ መታየቱን ያረጋግጡ፦ በዳናውስ የኋላ ክንፍ መሀል ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች ይገኛሉ፤ በአስመሳይዋ፣ በሂፖሊምናስ ሚሲፐስ እንስት ላይ ግን አንድ ነጥብ ብቻ፣ ያውም ወደ ላይኛው ጠርዝ ተጠግቶ ይታያል።

*ካቶፕሲሊያ ፍሎሬላ፦* ነጭ ወይም ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ፣ ትልቅና ፈጣን ናት። እንቁላሏን በሰናመኪ ዘመዶች ላይ ትጥላለች።

*ቤሌኖይስ አውሮታ፦* ነጭ ስትሆን የክንፏ ጅማቶች በጥቁር ቡናማ የተሰመሩ ናቸው። የዕጯ ምግብ ጉመሮና ዘመዶቹ ስለሆኑ ከቆላው በኩል በብዛት ትመጣለች።

5. ካሜራውን ሳያወጡ ይቁጠሩ

ይህ ደረጃ ነው ሁሉም የሚዘለው፤ ስለ ፍልሰት አንዳች ነገር የሚነግርዎትም እርሱ ብቻ ነው።

1) በግምት 20 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቋሚ ምልክቶችን ይምረጡ፤ ዛፍ፣ የአጥር ምሰሶ ወይም ትልቅ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ገመድ እንዳለ አድርገው ያስቡ። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያልፉትን ለመቁጠር መስመሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መዘርጋት አለበት።

2) ለ15 ደቂቃ ይቁሙ። መስመሩን ሳያርፉ፣ አቅጣጫቸውን ሳይለውጡ የሚያቋርጡትን ብቻ በሁለት ረድፍ ይመዝግቡ፤ ወዲያ የሄዱት በአንድ በኩል፣ ወዲህ የመጡት በሌላ በኩል። አበባ ላይ የሚዞሩትን አይቁጠሩ።

3) ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ደመናው የሰማዩን ስንት እጅ እንደያዘና በግምት በምን ያህል ከፍታ እንደሚበሩ ይጻፉ።

4) ለ15 ደቂቃ ዐርፈው ይድገሙት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካልተቆጠረ አቅጣጫ አለ ማለት አይቻልም።

ከራሴ ደብተር አንድ መስመር ለአብነት ይኸው፦ «ጥቅምት 3፣ ጠዋት 3፡40–3፡55፣ የኑግ ማሳ የላይኛው ድንበር፣ ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ለስለስ ያለ፣ ደመና ሩብ፣ ከፍታ ከጉልበት እስከ ራስ፤ ቫኔሳ ወደ ደቡብ 18፣ ወደ ሰሜን 3።» ልዩነቱ 15 ነው። ወደ ደቡብ 11፣ ወደ ሰሜን 10 ቢሆን ኖሮ የአካባቢው ምልልስ እንጂ ፍልሰት አልለውም ነበር።

ፈላሽን ከሰፈረተኛ፣ ማለትም እዚያው ከምትኖረው፣ ለመለየት የሚረዳ አንድ ምልክት አለ። ሰፈረተኛዋ ዛፍ ወይም ጎጆ ሲገጥማት ዞራ ታልፋለች፤ ፈላሿ ግን ሽቅብ ወጥታ በላዩ ተሻግራ ወደ ቀድሞው መስመሯ ትመለሳለች። በገደል አፋፍና በሸለቆ ውስጥ ግን ሁሉም የመሬቱን አቀማመጥ ተከትለው ስለሚሄዱ ይህ መለያ አይሠራም፤ ስለዚህ የቆጠራ ቦታዎ ሜዳ ይሁን።

ምንም ካላዩ ፍልሰት የለም ብለው አይደምድሙ። ነፋሱ በጀርባቸው ሲሆን በጣም ከፍ ብለው ይበራሉ፤ እንግሊዝ ውስጥ በራዳር በተደረገ ክትትል በመከር ወደ ደቡብ የሚመለሱት ቫኔሳዎች በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተገኝተዋል። ለዓይንዎ ቅርብ ሆነው የሚገኙት ነፋሱ ከፊታቸው ሲመጣ ወይም ሊመገቡ ሲወርዱ ነው። እንዲህ ባለ ቀን በመስመሩ ምትክ አበባ ላይ ያሉትን ይቁጠሩ፤ ለምሳሌ በ10 የኮሸሽላ እግሮች ላይ ስንት እንደተገኙ መጻፍ በቂ ነው።

6. ቅረቡኝ እስክትል አይቅረቡ

አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ጥግ ጥግ አንዲት ቫኔሳ ሳባርር ባለማሳው ሞፈሩን አጋድሞ ተመለከተኝ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ቢራቢሮ ላነሳ ነው፣ አያ።»

«እና እየነዳሃት? ያቻት እንግዲህ ወደ ጎረቤት ማሳ ሄደች። እዚያ ኮሸሽላው ሥር ቁጭ በል፤ ከብት ያልበላው እሱ ብቻ ነው፣ ሁሉም እዚያው ነው የሚመጣ።»

ቁጭ አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት መጡ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

1) ቢራቢሮ ሳይሆን አበባ ይምረጡ። ፀሐይ ያገኘው፣ ቢያንስ አንዴ ቢራቢሮ ሲያርፍበት ያዩት፣ ከበስተጀርባው ባዶ የሆነ አበባ ይሁን።

2) ፀሐይን ከጀርባዎ፣ ነገር ግን ወደ አንዱ ትከሻ አድርገው ይቀመጡ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቆመ ሰው ጥላ ከቁመቱ ይበልጣል፤ ጥላው አበባው ላይ ካረፈ ቢራቢሮዋ ወዲያው ትነሣለች። ተንበርክከው ሲሠሩ ጥላዎም ያጥራል።

3) አራት ሜትር ሲቀርዎት ቆም ይበሉና ካሜራውን ከዚያው ወደ ዓይንዎ ያንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተጠግቶ ከደረሰ በኋላ እጁን በማንሳቱ ነው፤ የሚያስበረግጋት ቅርበቱ ብቻ ሳይሆን የክንድ እንቅስቃሴ ነው።

4) ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፎቶ እያነሱ ይቅረቡ። ብታመልጥ እንኳ ከሩቁ የተነሣው ለመለያ ይጠቅማል።

5) ክንፏን ከፈት ገጠም ማድረግ ስትጀምር ይቁሙ። ክንፏ ሲረጋጋና መምጠጫዋ አበባው ውስጥ ሲገባ ይቀጥሉ።

ከተነሣች አይከተሏት፤ ከቦታዎም አይነሡ። እስከ አምስት ደቂቃ ይታገሡ፤ እርሷ ባትመለስ ሌላ ትመጣለች።

አበባ ቀንጥሶ ወደ ብርሃን ማዞር፣ በመረብ ይዞ ማቀዝቀዝና ክንፍ በጣት መያዝ ክልክል ነው ብለው ይያዙት። የክንፉ ቀለም ከጣት ጋር የሚለቅ ቅርፊት ነው።

7. ፎቶውን ያንሱ

*በካሜራ*

ሹተር ስፒዱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እና ኤፉን (የሌንሱን ቀዳዳ መጠን) እርስዎ ይወስኑና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ለካሜራው ይተዉለት። ፀሐይ ለምትሞቅ ቢራቢሮ 1/500 ሰከንድ ይበቃል፤ እየቀሰመች ክንፏን ለምታርገበግብ 1/1000 ያስፈልጋል። የአይኤስኦውን ጣሪያ ግን 1600 ላይ ይገድቡ። ክንፏን ገጥማ በጎን ከሆነች ኤፍ 5.6 በቂ ነው፤ ዘርግታ ከሆነ ግን ሁለቱም ክንፎች ጥርት እንዲሉ ኤፍ 8 ወይም 11 ይጠቀሙ።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚወስነው የካሜራው ፊት ከክንፉ ጋር ትይዩ መሆኑ ነው። ክንፉን እንደ ተከፈተ መጽሐፍ፣ ካሜራዎንም በላዩ እንደሚያስቀምጡት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያስቡት። መጽሐፉ ወደ ግራ ካዘነበለ ሰሌዳውም አብሮ ያዘንብል። ግማሹ ክንፍ ጥርት ብሎ ግማሹ የደበዘዘባቸው ምስሎች በሙሉ ማለት ይቻላል የዚህ ጉድለት ውጤቶች ናቸው።

ፎከሱን በአንድ ነጥብ ብቻ እንዲሠራ ያድርጉና ነጥቡን ዓይኗ ላይ ያሳርፉ። ካሜራው ከኋላ ያለውን ኑግ እየመረጠ ካስቸገረዎት ወደ እጅ ፎከስ ይቀይሩ፤ ርቀቱን አንድ ጊዜ ካስተካከሉ በኋላ ቀለበቱን ሳይነኩ ሰውነትዎን ብቻ ወደፊትና ወደኋላ በጥቂቱ እያነቃነቁ ዓይኗ ጥርት ባለበት ቅጽበት ይጫኑ።

ብርሃኑን በተመለከተ ቢጫው ማሳ ካሜራውን ስለሚያታልለው ምስሉ ሊጠቁር ይችላል፤ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ በሲሶ ስቶፕ (+0.3) ከፍ ያድርጉት። ለነጫጮቹ ካቶፕሲሊያና ቤሌኖይስ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ የክንፋቸው ነጭ ተቃጥሎ ጅማቱ እንዳይጠፋ በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ይቀንሱ።

ለእያንዳንዷ ቢራቢሮ ሁለት ፎቶ ግዴታ ነው፦ የክንፏ ላይና የክንፏ ሥር። ሁለቱ ካሉ ዓይነቷን ማወቅ ይቻላል፤ የክንፏ ጠርዝ የተበላ ወይም ቀለሟ የለቀቀ መሆኑም ይመዘገባል።

*በስልክ*

በጣትዎ ዘርግተው ከሌንሱ አቅም በላይ አያቅርቡ፤ ምስሉን የሚቆርጠው እንጂ የሚያቀርበው አይደለም። አበባው ላይ ጣትዎን ተጭነው በመቆየት ፎከሱንና ብርሃኑን ይቆልፉ፤ ቀጥሎም የፀሐይ ምልክቷን ትንሽ ወደ ታች ይሳቡ። ሁለት ክርኖችዎን ከጎንዎ አጣብቀው፣ የማንሻውን ቁልፍ ተጭነው በመያዝ በተከታታይ ያንሱ። ከ20ው አንዱ ከወጣ ቀንዎ ቀንቷል። ሌንሱን አስቀድመው በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በጠዋት ፎቶዎች ላይ የሚታየው ጭጋግ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ቅባት ነው።

*በበረራ ላይ*

ይህን የሚሞክሩት ሌላው ሁሉ ከተሳካልዎት በኋላ ነው። 1/2500 ወይም ከዚያ በላይ ፍጥነት፣ ፎከሱ አስቀድሞ በአበባው ርቀት የተቆለፈ፣ ካሜራውም በተከታታይ የሚያነሳ ይሁን። የሚያነሱት ስትመጣ ሳይሆን ስትነሣ ነው፤ መምጠጫዋን ስትጠቀልል ካዩ ልትነሣ ነውና ይጫኑ።

8. ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርዱ

ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ የሚፈልጉት አበባ ሳይሆን እርጥብ አሸዋ ነው። ነጫጭና ቢጫ ቢራቢሮዎች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ጨው ለማግኘት በወንዝ ዳር ጭቃ ላይ ተሰብስበው ይጠጣሉ፤ ከመጠመዳቸው የተነሣ በደረት ተስቦ እስከ ግማሽ ሜትር መቅረብ ይቻላል። ካሜራው ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ እንዳይል።

ማስጠንቀቂያ፦ ብርድ ላይ ያደረ ካሜራ ሙቅና እርጥብ አየር ሲያገኝ ሌንሱ በላብ ይሸፈናል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ከመኪና እንደወረድኩ ቦርሳዬን ከፍቼ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሌንስ ስጠርግ የተሰበሰቡት ሁሉ ተበተኑ። ካሜራውን ከላይ ሳሉ በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ይሰሩት፤ ታች ሲደርሱ ሳይከፍቱ ለ30 ደቂቃ በጥላ ያስቀምጡት። ላቡ ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ሌንስ በማውለቅ ለማድረቅ በፍጹም አይሞክሩ። ሌሊት እዚያ የሚያድሩ ከሆነ ወቅቱ የወባ መሆኑን አይርሱ፤ አጎበር ይያዙ።

9. ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ሁሉም ፎቶ ደብዝዟል።* አንዱን አጉልተው ይዩ። ኑጉ ጥርት ብሎ ቢራቢሮዋ ከደበዘዘች ፎከስ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ እጅዎ ተንቀጥቅጧል፤ አካሏ ጥርት ብሎ ክንፏ ብቻ ከጠፋ ሹተሩ ዘግይቷል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ መፍትሔ ስላላቸው ሳይለዩ ሁሉንም አይነካኩ።

*ነፋስ አበባውን ያወዛውዛል።* አንድ እጅ አጋዥ ካለ ግንዱን ከሥሩ ይያዝልዎት፤ ከሌለ በማሳው የተከለለ ጎን ወዳለ ኮሸሽላ ይዛወሩ። ነፋስ በሁለት ውዝዋዜ መካከል ለአፍታ ስለሚያርፍ ያችን አፍታ ይጠብቁ።

*እረኞች ተሰበሰቡ።* ማባረር አያዋጣም። ካሜራውን አሳይተው አንዱን ቆጣሪ ያድርጉት። በአንድ ጠዋት ያገኘሁት ምርጥ ቆጠራ የአንድ እረኛ ልጅ ነው፤ እኔ ያላየኋቸውን አራት እየጠቆመ አሳይቶኛል።

*ፀሐይ ጠፋች።* አይሂዱ። ደመና ሲጋርድ ቢራቢሮዎች ባሉበት ቅጠል ላይ ይጣበቃሉ፤ የት እንዳረፉ በዓይንዎ ከያዙ ብርሃኑ ለስላሳ በመሆኑ የቀኑን ጥሩ ፎቶ ሊያገኙ ይችላሉ።

*ቢራቢሮ የለም፣ አበባ ግን አለ።* የኮሸሽላና የልት ቅጠሎችን ይመልከቱ። ቅጠሉ ተጠቅልሎ በቀጭን ድር ከተሰፋና ውስጡ ጥቁር እሾሃማ ዕጭ ካለ ቫኔሳ ከሳምንታት በፊት መጥታ እንቁላል ጥላ ሄዳለች። ድሩን ሳይቀዱ ፎቶ አንስተው ቀኑን ይመዝግቡ፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲመለሱ አዲሶቹን ሊያገኙ ይችላሉ።

10. በዚያው ማታ ይመዝግቡ

ፎቶዎቹን ከመምረጥዎ በፊት ደብተሩን ከፎቶዎቹ ጋር ያስተያዩ። ከእያንዳንዷ ቢራቢሮ ሁለት ምስል ያስቀሩና ሌላውን ያጥፉ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ በግምት ከፍታና የክንፉን ሁኔታ «አዲስ»፣ «ያረጀ» ወይም «የተቦጫጨቀ» ብለው ይጻፉ።

እዚህ ላይ ብዙ መዝገብ የሚያበላሽ ስሕተት አለ። እኛ «3 ሰዓት ከ40» የምንለውን ስልኩ 9፡40 ብሎ ይይዘዋል፤ በእጅዎ የጻፉትን እንዳለ ወደ አይናቹራሊስት ወይም ወደ ሌላ ዓለም አቀፍ መዝገብ ካስገቡት ቢራቢሮዋ በሌሊት የበረረች ሆና ትቀመጣለች። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ጥቅምት 1 ቀን በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 11 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን ኦክቶበር 12 ይሆናል። በደብተርዎ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፉ።

ቦታውን በሚጭኑበት ጊዜ የማሳውን ትክክለኛ ነጥብ ማሳየት ባለማሳውን የሚያስቸግር ከመሰለዎት በቀበሌ ደረጃ ይተዉት፤ ለፍልሰት ጥናት ያ ይበቃል። ቆጠራው ዜሮ የሆነባቸውን ቀናትም አብረው ይመዝግቡ። ለሚቀጥለው ዓመት ያው ኮሸሽላ፣ ያው ድንበር፣ ያው 20 ሜትር እንዲሆን የመረጧቸውን ሁለት ምልክቶች ፎቶ አንስተው በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይለጥፉ፤ ባለማሳው ድንበሩን ከማረሱ በፊትም ያችን አንዲት ክንድ መሬት እንዲተዋት ይነጋገሩ።